አሥራ ሦስት ዓመት ከቤተል ዘንባባ ጋር

ባለፈው መስከረም ጡረታ ወጣሁ። በቤተ ክርስቲያናችን አዲስ የመጡ ሰዎች ሲተዋወቁኝ «እትዬ ዘነበች፣ ምን ይሠሩ ነበር?» ይሉኛል። «ዘንባባ አሳድግ ነበር» ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ኮሎምበስ ውስጥ ዘንባባ? እውነቴን መሆኑን ሲያዩ ደግሞ «ቴምር ነው?» ይላሉ። ቴምር አይደለም። ቤተል የሚባል፣ ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዘንባባ ነው። ፍሬውን ብዙ የእስያ ሰዎች፣ በእኛ አገር ጫት እንደሚቃመው፣ ያኝኩታል፤ ለሠርግና ለጸሎትም ያቀርቡታል። ይህን ሁሉ በየእሑዱ ቆሜ ሳስረዳ የሰማችኝ ልጄ ማህሌት «ማሚ፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ። አገር ቤት ዲላ አጠገብ በአንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የቡናና የጥላ ዛፍ ችግኝ ሳፈላ ነው የኖርኩት። እዚህ ግን ስለ ችግኝ የሚጠይቀኝ አልነበረም። እንደ ብዙ ሰው ካናል ዊንቸስተር ካሉት ዌርሃውሶች አንዱ ገባሁና አራት ዓመት ስካን ሳደርግ፣ ካርቶን ሳነሳ ቆየሁ። ቀኝ ትከሻዬ እንቢ ሲለኝ፣ በአንድ መኪና አብራን ወደ ሥራ የምትሄድ እህት ቤክስሊ አጠገብ ያለ የግል ግሪን ሃውስ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ቦታው የመሃል ከተማ ቢሮዎች የሚከራዩትን የቤት ውስጥ ተክል ያፈላል። ከጀርባው ደግሞ ሰው እየከፈለ የሚጎበኘው፣ የሞቃት አገር ዛፎች ያሉበት ከፍ ያለ የመስታወት ቤት አለ።

ኃላፊው ዳግ የሚባል ጢሙ ቀይ፣ ረጅም ሰው ነበር። እንግሊዝኛዬን ሲያይ ብዙ አልጠየቀኝም። ተጨናንቆ የበቀለ አንድ ሳጥን ችግኝ ፊቴ አስቀመጠና እንድለያየው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አነሳሁ። በጫፉ ሥሩን ከታች እየፈነቀልኩ፣ ግንዱን ሳልነካ በቅጠሉ ብቻ እየያዝኩ ለየብቻ ተከልኳቸው። ሳጥኑን ሳልጨርስ «ሰኞ ነይ» አለኝ። ክፍያው ከዌርሃውሱ ያንሳል፤ ግን ኢንሹራንስ ነበረው፣ ማህሌት ደግሞ ገና ሃይስኩል ነበረች።

የመጀመሪያውን ዓመት የችግኝ ፖት በአፈር ስሞላ አሳለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ዳግ ወደ መስታወት ቤቱ አዛወረኝ። እዚያ ሰባት የቤተል ዘንባባዎች ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ችግኛቸው ከፍሎሪዳ የመጣ። ቁመታቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ ቅጠላቸው ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይደርቃል። ዳግ ማዳበሪያ ያምናል። «ተጨማሪ ስጫቸው» ይለኛል፤ እሰጣለሁ፤ ይብስባቸዋል። እኔም ቡና እንጂ ዘንባባ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊጎበኙ መጡ። አጭር ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥመዋል። የልጅ ልጃቸው ሱኒታ ትባላለች፤ ነርሲንግ የምትማር የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ሽማግሌው ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ኦርኪድ ዞር ብለውም ሳያዩ አለፉና ዘንባባዎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ለብዙ ጊዜ አልተነቃነቁም። ከዚያ አጥሩን ተሻግረው ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«አባባ፣ መንካት አይፈቀድም» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሱኒታ ደነገጠች። «ይቅርታ! እርሻችን ላይ ይህ ዛፍ ነበረን፣ ለዚያ ነው» አለችኝ። ሽማግሌው ግን ተንበርክከው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱና የሆነ ነገር ተናገሩ። «የዛፎቹ እግር ቀዝቅዟል ነው የሚለው» አለች ሱኒታ፤ «ውኃውን ከየት ነው የምትቀጂው ይልሻል።»

ከቧንቧ ነበር የምቀዳው። በጥር ወር የኦሃዮ የቧንቧ ውኃ ጣት ያደነዝዛል። አየሩ እንዲሞቅ ስንት ነዳጅ እያቃጠልን፣ ሥሩ ላይ በረዶ ስናፈስ ኖረናል። ሃያ ዓመት ችግኝ ያፈላሁ ሴት ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ሰኞ ሦስት በርሜል አምጥቼ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩ። ማታ እሞላለሁ፣ ጠዋት አጠጣለሁ። ፀደይ ሲገባ ከሰባቱ ስድስቱ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል አወጡ፤ ሰባተኛው ዘግይቶ ተከተለ። ለዳግ ማን እንደነገረኝ ነገርኩት። ዳግ ግትር ነው፣ ግን ያየውን አይክድም። ሱኒታ የእንግዳ መዝገቡ ላይ የጻፈችውን ስልክ ፈልጎ ደወለና ሽማግሌውን በሳምንት ሦስት ጠዋት ፓርት ታይም ቀጠራቸው።

ስማቸው ቴክ ባሃዱር ነው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ባሂኒ» ይሉኛል፤ በኔፓልኛ ታናሽ እህቴ ማለት ነው። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም። ቢሆንም ተግባባን። ደቡብ ቡታን ውስጥ የቤተልና የብርቱካን እርሻ ነበራቸው። ከአገር ሲባረሩ ጥለውት ወጡ። ከዚያ ኔፓል የስደተኛ ካምፕ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ሱኒታ ናት፤ እሳቸው ስለ እርሻው ሲያወሩ የሚያነሱት ዛፉን ብቻ ነበር። ጥርሳቸው ፍሬውን ከማኘክ ብዛት ጠቁሯል። ዶክተር አፋቸውን አይቶ ከከለከላቸው ወዲህ ግን በአፋቸው አላዞሩም፤ ሌላውንም ሰው ይከለክላሉ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ሲገቡ ካፖርታቸውን ይሰቅሉና ምንም ሳይነኩ ቤቱን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ውኃ ከማጠጣታቸው በፊት ክንዳቸውን እስከ ክርን በርሜሉ ውስጥ ይከታሉ፤ ካልተመቻቸው አያጠጡም። የደረቀ ቅጠል አይጎትቱም። እኔ ቤቱ ለጎብኚ ጸዳ እንዲል ስስብ አንድ ጊዜ እጄን ያዙኝ። «እሱ ራሱ ይወርዳል። ስሎው፣ ባሂኒ፣ ቀስ።» እውነትም ቅጠሉ ጊዜው ሲደርስ ጠዋት መሬት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፣ ግንዱ ላይም ንጹሕ ቀለበት ትቶ። የወደቀውን ቅጠል ደግሞ አይጥሉትም። ግንዱን አቅፎ የነበረው ክፍል እንደ እንሰት ኮባ ሰፊና ጠንካራ ነው። የመጋቢት ፀሐይ በመስታወቱ ውስጥ ስትበረታ፣ ያንን ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ግንዱ ላይ ያስሩታል። የቤተል ግንድ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ በኩል ይበሰብሳል። ዳግ መጀመሪያ «ዛፎቹን በፋሻ ጠቀለላችኋቸው» ብሎ ሳቀብን። ኋላ ጎብኚ ሲጠይቀው ራሱ ያስረዳ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት አንዱ አበበ። አበባው ከቅጠሎቹ በታች፣ ከግንዱ ላይ እንደ መጥረጊያ ተበትኖ ይወጣል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ወንዶች ናቸው፣ ቀድመው ፈክተው ይረግፋሉ። ሴቶቹ ከሥር ሆነው ይጠብቃሉ። እዚህ ንብ ስለሌለ ጋሽ ቴክ የወንዱን ዱቄት ወረቀት ላይ አራግፈው አስቀመጡ። ሴቶቹ ሲከፈቱ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ በዶሮ ላባ ቀባኋቸው፤ እሳቸው ከታች መሰላሉን ይዘው «ሌላም አለ፣ በስተግራ» ይሉኛል። ፍሬው ብርቱካንማ እስኪሆን ስምንት ወር ፈጀ። የወደቁትን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨመሯቸው። ከዘለላው ጋር የሚያያዛቸውን ኮፍያ የሚመስል ቅርፊት ወደ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው የተንሳፈፉትን ለዘር ለዩ፤ በጎናቸው የተጋደሙትን ተዉ። የተለዩትን አሸዋ ውስጥ ኮፍያው ወደ ላይ እንደሆነ ደረደርን። ሁለት ወር አልፎት አረንጓዴ እሾህ የሚመስል ነገር አሸዋውን ወጋው። አርባ ችግኝ አፈላን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሥራ የገባሁበት ጊዜ የለም።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ።

በአምስተኛው ዓመት የካቲት ላይ የጣሪያውን መስኮቶች የሚከፍተው ሞተር ተበላሽቶ ነበር። ዕቃው እስኪመጣ በእጅ እያዞርን እንከፍታለን። የዳግ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ሙቀቱ ከዘጠና ፋራናይት ካለፈ አንዱን መስኮት አንድ ስንዝር ክፈቺ፣ እዚያው ቁሚ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዝጊ። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውጪው ብርድ የሚቆርጥ ነበር። ጋሽ ቴክ የማይመጡበት ቀን ነው። ማሞቂያው ከፀሐዩ ጋር ተደርቦ ቤቱ እንደ ምድጃ ጋለ። ቶሎ እንዲበርድ ብዬ አንዱን ሳይሆን ሁለቱን መስኮት፣ ስንዝር ሳይሆን እስከ ግማሽ ከፈትኩ። ወዲያው ማህሌት ኮል አደረገችኝ። መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጥቷል። «አይም ኦኬይ፣ ማሚ» ትላለች፣ ግን እያለቀሰች ነው። ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ።

ልጄ ደህና ነበረች። መኪናው ተጎትቶ እስኪሄድ አብሬያት ቆሜ ስመለስ ከሦስት ሰዓት በላይ አልፏል። መስኮቶቹ እንደከፈትኳቸው ነበሩ። ዘጋኋቸውና በሩ አጠገብ ያለውን ቴርሞሜትር አየሁ፤ ስድሳ አራት ይላል። ምንም አልሆነም፣ አልኩ። ነገር ግን ቴርሞሜትሩ ያለው ወገቤ ላይ ነው። ብርዱ ከጣሪያው የወረደው የዛፎቹ አናት ላይ ነው። ዘንባባ ደግሞ የሚያድገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ ባለው ልቡ። ቅርንጫፍ የለው፣ ሌላ ቡቃያ የለው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ለማንም ሳልናገር ቤቴ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ምንም አልታየም። ከዚያ ገና ያልተፈታው መሃለኛ ቅጠል በአንዱ ዛፍ ላይ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ በሌላው። ጋሽ ቴክ መሰላሉን ወጥተው በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርጉት ቅጠሉ ምንም ሳይታገል ተነቅሎ መጣ። ሥሩ በስብሶ ነበር፤ ሽታው እኔ ከቆምኩበት ድረስ ደረሰ። በዚያ ሳምንት ሰባቱም ላይ ታየ።

ዳግ ቅጠሉን አገላብጦ አየና «ብስባሽ ነው። ውኃ በዝቶባቸዋል» አለ። ወደ ጋሽ ቴክ ዞረ። «ቴክ፣ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? አናታቸው ላይ ታፈሳለህ።» አፍስሰው አያውቁም። ዳግ ግን ለጎብኚዎቹም ለባለቤቶቹም የሚናገረው ምክንያት ያስፈልገው ነበር። «ከእንግዲህ ባትመጣ ይሻላል» አላቸው።

እኔ የውኃውን ጎማ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ኢንሹራንሱን አሰብኩ፣ የማህሌትን ኮሌጅ አሰብኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል አልኩ። ጋሽ ቴክ አንዴ አዩኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ፣ አዝራሩን እስከ አንገታቸው ቆለፉና ወጡ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በርሜሉን እሞላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ዳግ ቢሮ ገባሁ።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሁለቱንም። ሦስት ሰዓት ክፍት ነበር። ቴክ ምንም አላጠፉም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? በማግስቱ መድኃኒት ብናደርግ ግማሹ ይተርፍ ነበር።»

«ፈራሁ።»

ጮኸብኝ። እውነቱን ነበር። የማስጠንቀቂያ ወረቀት አስፈርሞ ከመስታወት ቤቱ አውጥቶ ወደ ፖት መሙላት መለሰኝ። አላባረረኝም። «ለሽማግሌው ግን ራስሽ ንገሪው» አለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማህሌት ነድታ ወሰደችኝ። በሩን የከፈተችው ሱኒታ ናት። ጋሽ ቴክ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሱኒታ እያስተረጎመች። መሃል ላይ ድምፅዋ ተቀየረ፤ አያቷን ያሰደብኩት እኔ መሆኔ የገባት ያኔ ነው። ጨርሼ ይቅርታ ጠየቅሁ።

እሳቸው በኔፓልኛ ተናገሩ። ሱኒታ ወደ እኔ ሳታይ ተረጎመችው። «ያውቃል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ዛፍ ነው ቀድሞ የሞተው። ውኃ ቢሆን ከሥሩ ይጀምር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለዳግ አልነገሩትም?»

«አጠገቡ ቆመሽ ነበር። አንቺ ትናገሪያለሽ ብሎ ጠበቀ።»

ነገ ተመልሰው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእንግሊዝኛ፣ ራሳቸው፣ «ዳግ ከም ሂር» አሉኝ።

ዳግ የሚሄድ አልመሰለኝም። ሄደ። ሁለት ቀን አስቦበት፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሩዝና ምስር አብልተው እንደሸኙት ሱኒታ ኋላ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ቴክ ካፖርታቸውን እዚያው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀሉና ቤቱን እንደ ልማዳቸው ዞሩት። ከዚያ ወደ ፖት ክፍሉ መጡና «ባሂኒ፣ መሰላል» አሉኝ። ዳግ በሩ ላይ ቆሞ አየን፤ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀልን። ተከተልኳቸው።

አራቱ ዛፎች ሞተዋል። ከአናታቸው እየቆራረጥን በገመድ አወረድናቸው። የቀሩት ሦስቱ ላይ ጋሽ ቴክ በስለታም ቢላ የበሰበሰውን እየላጡ ነጭና ጠጣር ሥጋ እስኪያገኙ ወረዱ። ጉድጓዱን በመድኃኒት አጠብን፣ ውኃ እንዳይገባ በፕላስቲክ ጣሪያ ሠራንለት፣ ከዚያ መጠበቅ ነበር። ሁለቱ አልተመለሱም። በሦስተኛው ላይ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ጣት የምታክል የተጣመመች ቅጠል ወጣች። ሁለተኛዋ ትንሽ ተቃንታ መጣች፤ አራተኛዋ ደህና ቅጠል ነበረች። ግንዱ ግን በዚያ ቦታ ቀጥኖ ቀረ፤ ወገቡን በገመድ የታሰረ ይመስላል። ጎብኚ ይህ ምንድነው ብሎ ሲጠይቀኝ «ብርድ መቶት ነው፣ መስኮት ክፍት ትቼ» እላለሁ። መጀመሪያ ለመናገር ይከብደኝ ነበር፤ በኋላ የሥራዬ አካል ሆነ።

በስድስቱ ቦታ ራሳችን ካፈላናቸው አርባ ችግኞች ተከልን። ጋሽ ቴክ ሌላ አምስት ዓመት መጡ፤ በመጨረሻው ዓመት ወንበር አምጥቼላቸው ተቀምጠው ያዝዙኝ ነበር። ያረፉት በአንድ ክረምት፣ በቤታቸው ነው። ዳግ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጣ።

ያ የተረፈው ዛፍ አደገ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው በጋ ቅጠሉ የጣሪያውን መስታወት መግፋት ጀመረ። ጣሪያ ከፍ አይደረግም፣ የዘንባባ አናት ደግሞ አይከረከምም፤ ከተቆረጠ ሞተ ማለት ነው። አዲሷ ኃላፊ ይቆረጥ አለች። ትክክል ነች። ከመውጣቴ ሁለት ሳምንት በፊት መሰላል ላይ የወጡት ከውጭ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ከየት እንደሚቆርጡ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ያለችግር፣ በግማሽ ቀን አለቀ።

ለሱኒታ ደወልኩላት። አሁን ነርስ ናት፤ ካናል ዊንቸስተር አዲስ ቤት ገዝተዋል። በባሏ ፒክአፕ መጥታ ግንዱን ሁሉ ጫነች። «አያቴ አገሩ ላይ እንጨቱን ለምሰሶ ይጠቀምበት ነበር» አለችኝ።

በዚህ ሐምሌ ምሳ ጠሩኝ። ግንዱን ሰንጥቀው ጓሮ ውስጥ ዳስ ሠርተውበታል፣ ቅልና አደንጓሬ ወጥቶበት ከሥሩ ጥላ ሆኗል። ባሏ ከቧንቧው ጎማ ስቦ ሊያጠጣ ሲመጣ ጎማውን ልቀበለው ብድግ አልኩ። ሱኒታ ክንዴን ይዛ «ዛሬ እንግዳ ነሽ» አለችኝና የወንበሩን ትራስ አስተካከለችልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያጠጣ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ትንሽ አብዝቶበታል። ተውኩት፤ ሐምሌ ነው፣ ቅሉ ይጠጣዋል።